ሃያ ስድስቱ ፍሪጆች

ከእንፍራንዝ የመጣው ገዢ ነጯን ኮሮላ ሦስት ጊዜ ዞሯታል። ጎማዎቿን በእግሩ መታ መታ አደረገ፤ ሞተሯን አስነሥቶ አዳመጠ፤ የበሮቿን ላስቲክ በጣቱ እየተጫነ አየ። የቀረው ስኮርታ ጎማዋ ብቻ ነበር። ሻጩ ሰውአገኝ፣ ወሩን ሙሉ አንዲት መኪና እንኳ ያልሸጠው ሰው፣ ፊቱ በደስታ እየበራ የኋላ ኮፈኗን ከፈተለት። ገዢው ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ወደ አጥሩ ጥግ ሄዶ አስመለሰው።

ኮፈኑ ውስጥ የድርጅቱ የመጋዘን ኃላፊ አቶ ወልደ ዮሐንስ በጎናቸው ተጣጥፈው ተኝተዋል። የገዛ ካፖርታቸው ፊታቸው ላይ ተጥሏል።

ኢንስፔክተር እስከዳር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ደረሰች። ግቢው ጎንደር ውስጥ አዘዞ መንገድ ላይ ነው፤ ከፊት ባለ አንድ ፎቅ የኤሌክትሮኒክስ መደብር፣ ከጀርባው ያገለገሉ መኪናዎች የሚሸጡበት ሜዳ። ሬሳውን ገና አይታ ሳትጨርስ የድርጅቱ ባለቤት ሐጂ ሷሊሕ ቆባቸውን እያስተካከሉ ከጎኗ ቆሙ።

«ይሄ ነገር እስከ ስንት ሰዓት ይወስድብናል?» አሏት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ሐጂ፣ ሰው ነው የሞተው።»

«አውቃለሁ እንጂ! ወልደ ዮሐንስ አሥራ አራት ዓመት አብሮኝ የሠራ ወንድሜ ነው። እንቅልፍ የሚወስደኝ እሱ ቁልፉን ስለያዘ ነበር።» ዓይናቸው እውነትም እንባ አቅርሯል። «ግን ዛሬ የወሩ መዝጊያ ነው። የኋላውን ዝጉት፤ የፊቱን በር ብቻ ብትፈቅዱልን…»

«አይቻልም።»

«እስከ ስድስት ሰዓት እንኳ?»

እስከዳር ጀርባዋን አዞረች። ሃያ ሁለት ዓመት በፖሊስነት ስትሠራ ሰው በሬሳ ፊት ብዙ ነገር ሲናገር ሰምታለች፤ ስለ ሥራ ሰዓት ሲከራከር ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ረዳቷ ሳጅን መዝሙር ማስታወሻውን ይዞ መጣ። ሐኪሙ እንዳለው ሟቹ ማጅራታቸውን በከባድ ብረት ተመትተዋል፤ ጊዜውም ዓርብ ማታ፣ ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ውስጥ ነው። የመኪናዋ ክሪክ ከቦታው የለም።

«በሩ ላይ ካሜራ አይቻለሁ» አለች እስከዳር።

«አለ። ግን ዓርብ ከአሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ ጀምሮ ባዶ ነው። መብራት ጠፍቶ ነበር። የመጣው ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው ይላል ዘበኛው።»

«ጄኔሬተር የላቸውም?»

መዝሙር ወደ መደብሩ መስታወት በአገጩ ጠቆማት። ስድስት አዳዲስ ጄኔሬተሮች ተደርድረዋል። «እንሸጣለን እንጂ ለራሳችን አንጠቀምም ነው ያለኝ።»

እስከዳር ዓይኗን ጨፍና እስከ አምስት ቆጠረች።

*

ሥራ አስኪያጁ ዳኛው ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ዓይኑ በልቅሶ የቀላ፣ ውሃ አምጥቶ ወንበር የሚስብ ሰው ነው። ከጀርባው ባለው ነጭ ሰሌዳ ላይ የሻጮች ስም ከላይ እስከ ታች ተጽፏል። ከሁሉ በላይ «ሚስጥር»፣ ከሁሉ በታች «ሰውአገኝ»።

«ዓርብ ማታ ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ የት ነበሩ?» አለችው።

«እዚሁ ፎቅ ላይ። የወሩን ውጤት ለሐጂ በቪዲዮ እየቀረጽኩ ነበር። እንደጨረስኩ አንድ ሰዓት ላይ ላክሁላቸው።»

«እውነቱን ነው» አሉ በሩ ላይ የቆሙት ሐጂ፤ ማን እንዳስገባቸው አልታወቀም። «ልክ አንድ ሰዓት ላይ ደርሶኛል። ደግሞ ምን ያለ ሪፖርት መሰለሽ! ሃያ ስድስት ፍሪጅ፣ ያውም በአንድ ገዢ! ጎንደር ቅርንጫፍ እንዲህ ሸጦ አያውቅም። ቆይ ላሳይሽ…» ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«ሐጂ!» አለች እስከዳር፤ እጇን አነሣች። «ከአሁን በኋላ ስለ ሽያጭ አንዲት ቃል አልሰማም። አንዲት ቃል!»

ሐጂ ስልካቸውን ተቀይመው መለሱት። ዳኛው አንገቱን ደፍቶ፣ «መናገሩ ከብዶኝ ነው» ብሎ ጀመረ። «ሰውአገኝና ጋሽ ወልዴ ረቡዕ ጠዋት ተጣልተዋል። የመኪና ባትሪ ከመጋዘን አላወጣልህም ስላለው ነው። ልጁ በዚህ ወር አልቀናውም፤ ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት አንድ መኪና ካልሸጠ ይሰናበታል። የኮሮላዋም ቁልፍ…»

«እሱ ጋ ነበር?»

«ቁልፎቹ እዚህ ቢሮ ነው የሚሰቀሉት። ማንም ማንሣት ይችላል። ግን መኪና የሚያሳየው እሱ ነው።»

*

ሰውአገኝ ጣቢያ ቀርቦ በመጀመሪያ ቤቱ ነበርኩ አለ። መዝሙር ሄዶ አከራዩን ጠይቆ ተመለሰ፤ ልጁ ዓርብ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሆን አልገባም። እንግዲያው ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ነበር አለ። ዘመድየው ተደወለለት፤ ሰውአገኝን ካየው መንፈቅ አልፎታል። ቀጥሎ የታመመ ጓደኛ መጣ። ጓደኛውም ጤነኛ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። እስከዳር ምሳ አልበላችም።

«ስማ» አለችው፤ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ። «ሦስት ጊዜ ዋሽተኸኛል። አራተኛውን ከመዋሸትህ በፊት በሰው ነፍስ እየተጠየቅህ መሆኑን አስብ።»

ሰውአገኝ ላቡን ጠረገ። «ጠዳ ነበርኩ።»

«ጠዳ ምን ልታደርግ?»

«የሌላ ሰው መኪና ላሻሽጥ። ሐጂ ሳያውቁ… በደላላነት።»

ጠዳ ሄደው የዚያን መኪና ገዢ አገኙት። ገዢው በአዲሷ መኪናው ፊት የተነሣውን ፎቶ ኩራት በተሞላ ፊት ከስልኩ አወጣ። ሰውአገኝ ከጎኑ ቆሞ ቁልፍ እያስረከበው ይስቃል፤ ሰዓቱ አሥራ ሁለት ከአርባ ይላል። የተረፈችውን የቀን ብርሃን ይዘው ሲመለሱ እስከዳር ከፊት ወንበር ዞራ አፈጠጠችበት።

«ይህን ከጠዋቱ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ሐጂ ከሰሙ ያባርሩኛል።»

«ነፍሰ ገዳይ ተብለህ ልትታሰር ነበር እኮ!»

«እሱን አላደረግሁትማ» አለ ሰውአገኝ። «ይሄኛውን ግን አድርጌዋለሁ።»

መዝሙር መሪውን እንደያዘ ሳቁን ዋጠ። እስከዳር ግን ሳቅ አልመጣላትም። ቀኗ በከንቱ ሄዷል። «ከዚያ ሁሉ መኪና ምነው ኮሮላዋን መረጥህ?» አለችው።

«ሰባት ወር ቆማለች። ማንም ዞር ብሎ አያያትም፤ ብናኝ ነው የለበሰችው። ዳኛው እንኳ ተዋት፣ ሌላ አሳይ ብሎኝ ነበር። ለእኔ ግን ሌላ ገዢ ከየት ይመጣል? ሰውዬው ርካሽ ፈለገ፤ ርካሿ እሷ ነች።»

እስከዳር ወደ መስኮቱ ዞረች። ሬሳውን እዚያ ያስቀመጠው ሰው መኪናዋን ማንም እንደማይከፍታት ያውቃል ማለት ነው። የግቢውን ውስጥ የሚያውቅ ሰው።

*

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቀሐ ወዳለው የሟቹ ቤት ሄዱ። ድንኳኑ በሰው ተሞልቷል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለላ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከጓዳ ወጡና ሁለቱን ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል አስገቧቸው።

«ሰሞኑን የተለየ ነገር ነግረዎት ነበር?» አለች እስከዳር።

«ሐሙስ ፈቃድ ጠይቆ ደጋ ወጥቶ ነበር። በዚህ ዕድሜው! ማታ አቧራ ለብሶ መጣና እግሩን እያጠብኩት ሳለሁ፣ ‹ወለላ፣ ፍሪጅ ውስጥ ገብስ አየሁ› አለኝ።»

«ምን ማለታቸው ነው?»

«እኔም የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁበት። እሱ አልሳቀም። ‹አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እኔ ሳልፈርም ከዚያ መጋዘን የወጣ ዕቃ የለም፤ አሁን ግን ፈርሜ ያወጣሁት ዕቃ ውሸት ነው› አለኝ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍም አልወሰደው።»

«ዓርብስ?»

«አሥራ ሁለት ከሃያ ላይ ደወልኩለት። ‹የምነግረው ሰው አለ፤ ነግሬው መጣሁ› አለ።» ወለላ ጣቶቻቸውን ተመለከቱ። «ራቱን ከድኜ ጠበቅሁት። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልተነሣም።»

«ደጋ የት ነው የሄዱት?»

«ከዳባት ወደ ውስጥ ነው። ጓሳ ሜዳ።»

እስከዳር ከመዝሙር ጋር ተያየች። ፍሪጅ። ሃያ ስድስት ፍሪጅ፣ በአንድ ገዢ። ሐጂ ይህን ሊያሳዩዋት ስልካቸውን ሲያወጡ አፋቸውን ያስዘጋቻቸው እሷ ራሷ ናት።

*

ሰኞ ከንጋት ጀምሮ የፖሊሷ መኪና ነዳጅ ወረፋ ላይ ሁለት ሰዓት ቆመች። ከዳባት በኋላ አስፋልቱ ቀረ፤ ኮረብታ ለኮረብታ እየተናጡ ስድስት ሰዓት ላይ ጓሳ ሜዳ ደረሱ። እስከዳር ከመኪና ወርዳ ዙሪያዋን ቃኘች። የገብስ ማሳ፣ የሣር ቤቶች፣ ሽቅብ የሚነፍስ ብርድ። የመብራት ምሰሶ ግን በዓይን እስከሚታየው ድረስ የለም።

አያ የሻው የሚባሉ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ተቀብለው ወደ ቤታቸው አስገቧቸው። ከምድጃው ማዶ፣ ከጭሱ ራቅ ብሎ፣ ነጭ ባለ ሁለት በር ፍሪጅ ቆሟል። አያ የሻው የላይኛውን በር ከፈቱት። ምስር። የታችኛውን ከፈቱት። እስከ አፉ ገብስ።

«አያ የሻው፣ ይሄ በመብራት የሚሠራ ዕቃ እኮ ነው።»

«ለማቀዝቀዝ ነው አሉ። ምነው ልጄ፣ እዚህ አገር ለማቀዝቀዝማ ዕቃውን ውጭ ማሳደር ይበቃል።» በሩን መልሰው ዘጉትና መታ መታ አደረጉት። «አይጥ ግን አይገባበትም። ሸጋ ጎተራ ነው።»

«ገዝታችሁት ነው?»

«ኧረ የለም! አይሱዙ ጭኖ የመጣ ሾፌር ነው በየቤቱ ያራገፈው። ወሩ እስኪያልቅ በአደራ አስቀምጡልን፣ ተመልሰን እንወስደዋለን አለ። ለየቤቱም አንዳንድ የእጅ ባትሪ ሰጠን።»

«ማን ነው የላከው?»

አያ የሻው ከቆጡ ላይ የካርቶን ቁራጭ አወረዱ። መዝሙር አነበበው፦ ሻጭ፣ ሚስጥር።

«ሐሙስ ደግሞ አንድ ትልቅ ሰው መጥተው የየአንዳንዱን ቁጥር በእርሳስ ጻፉ» አሉ ሽማግሌው። «ትሑት ሰው ናቸው። ምሳ አብረን በላን። አልሳቁም፣ አልተቆጡም፤ ዝም ብለው ብቻ ገብሱን ያዩታል። ደኅና ናቸው?»

እስከዳር ሞታቸውን ነገረቻቸው። አያ የሻው ቆባቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ አንገታቸውን ደፉ።

*

ሚስጥር ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ጣቢያ ስትገባ ቀና ብላ ነበር የገባችው፤ ከሰሌዳው አናት ላይ ያለች ሰው አገባብ።

«ሃያ ስድስቱን ፍሪጅ የሸጥሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ለማን?»

«ለጓሳ ሜዳ ገበሬዎች ማኅበር።»

«ጓሳ ሜዳ ሄደሽ ታውቂያለሽ?»

እስከዳር የካርቶኑን ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ «ይህን ወረቀት ያገኘሁት ገብስ የተሞላ ፍሪጅ ካለበት ቤት ነው። ይህን ፍሪጅ ያዩት ሰው ደግሞ ሞተዋል» አለቻት።

ሚስጥር የካርቶኑን ቁራጭ ከፊቷ ገፋችው። «እኔ አልሸጥኩም። ስሜን ነው የወሰደው። አንድ ጠዋት ስገባ ሰሌዳው ላይ አንደኛ ሆኜ አገኘሁት። ስጠይቀው፣ ‹ወሩ ሲያልቅ የተመለሰ ዕቃ ተብሎ መጋዘን ይገባል፤ ማንም አይጎዳም› አለኝ። እናቴ አንደኛ መውጣቴን ለጎረቤት ሁሉ ነግራ ነበር… ዝም አልኩ።»

«ማነው የወሰደው?»

«ዳኛው።»

ዓርብ ማታ የት እንደነበረች ተጠየቀች። ሹሩባ ስትሠራ ነበር፤ አምስት ሴቶች በሻማ ብርሃን እንዳዩዋት መዝሙር በግማሽ ሰዓት አጣርቶ ተመለሰ።

«እንግዲህ ዳኛው ነዋ» አለ መዝሙር። «ግን ያ ቪዲዮ አለ። በዚያች ሰዓት ፎቅ ላይ እየቀረጸ ነበር። ሐጂም አንድ ሰዓት ላይ ደርሶኛል ብለዋል።»

«አንተ አይተኸዋል?»

«እኔማ… እርስዎ አንዲት ቃል አልሰማም ስላሉ…»

«አውቃለሁ ያልኩትን!» ብላ ጮኸችበት። ወዲያው ደግሞ አፈረች። የተናደደችው በእሱ አይደለም። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሁሉ ስለ ሽያጭ ሊያወራት ሲሞክር ጆሮዋን ስትደፍን ከርማለች።

*

ሐጂ ሷሊሕ እስከዳር ራሷ የወሩን ውጤት አሳዩኝ ብላ ስትመጣ ለማመን አልቻሉም። ወንበር ሳቡላት፤ ስልኩን የስኳር ዕቃ ላይ አስደግፈው ቪዲዮውን ከፈቱ። ከሥሩ የዳኛው መልእክት አለ፦ «ሐጂ፣ አሁን ከሱቅ ሆኜ የቀረጽኩት ነው።»

ዳኛው ፎቁ ላይ ባለው የቴሌቪዥኖች ግድግዳ ፊት ቆሞ ያወራል። ሐጂ በየደቂቃው እያስቆሙ ያብራራሉ። ይህ የልብስ ማጠቢያ ነው፤ ይህ ካለፈው ወር በእጥፍ አድጓል። እስከዳር ጥርሷን ነክሳ ታገሠች። አራተኛው ደቂቃ ላይ ግን ስልኩን ከእጃቸው ወሰደችው።

«ከጀርባው ያሉት ቴሌቪዥኖች ስንት ናቸው?»

«አሥራ አንድ።»

«ምን እያሳዩ ነው?»

«ኳስ። ምስሉን ተመልከችው እንዴት እንደሚጠራ! ይኸ አዲሱ…»

«ሐጂ፣ ዓርብ ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ግቢያችሁ ውስጥ መብራት አልነበረም። ካሜራችሁ ዕውር ሆኖ የቀረውም ለዚህ ነው።»

ሐጂ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። አሥራ አንዱን ብሩህ መስታወት ደጋግመው አዩ። ከዚያ ሁለቱን መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ።

«አንደኛ የወጣው ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ የአምስቱም ቅርንጫፎች ዋና ሥራ አስኪያጅ ይሆናል ብያቸው ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ይበረታቱ ብዬ ነው። ወላሂ ይበረታቱ ብዬ ነው።»

ዳኛው ቢሮው ውስጥ ነበር። መደብሩ ከትናንት ጀምሮ ተከፍቷል፤ የአዲሱን ወር ሰሌዳ እያሰመረ ነው። እስከዳር ቪዲዮውን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት፤ ቀጥላ የካርቶኑን ቁራጭ ከጎኑ አስቀመጠች። የራሱን ምስል አልፎ ከጀርባው ያሉትን ቴሌቪዥኖች ሲያይ ማርከሩ ከእጁ ወደቀ።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የቀረጽኩት» አለ ቀስ ብሎ። «ማታ ልልክላቸው ነበር። ከዚያ በኋላ… የላክሁት ከዚያ በኋላ ነው።»

«ከገደልካቸው በኋላ።»

«እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው የለመንኩት! አንድ ቀን! ፍሪጆቹን ሰኞ መልሼ አስገባለሁ፣ ማንም አይጎድልበትም አልኩት። ‹ቁጥራቸውን ጽፌያለሁ፤ ዛሬውኑ ለሐጂ እነግራለሁ› ብሎ ስልኩን አወጣ። ጨለማ ነበር። ለሌላ መኪና ክሪክ ልወስድ የኮሮላዋን ኮፈን ከፍቼ ነበር፤ ክሪኩ እጄ አጠገብ ነበር። እሑድ ግቢው ጭር ሲል ላወጣው ነበር። ሰባት ወር ማንም ያልጠየቃትን መኪና…» ሳቅ የመሰለ ድምፅ አወጣ። «ሰውአገኝ! ከወር ወር አንድ ነገር የማይሸጥ ሰው!»

«ክሪኩ የት ነው?»

«ውሃ ታንከሩ ውስጥ።»

መዝሙር ካቴናውን አወጣ። ወደ ደረጃው ሲወስዱት ዳኛው ዞሮ ሰሌዳውን አየ። እስከዳር ትከሻውን ይዛ መለሰችው።

*

ወይዘሮ ወለላ ዘንድ በሚቀጥለው ቀን ብቻዋን ሄደች። ድንኳኑ ተነሥቷል። ወለላ በር ላይ ቆመው አዳመጧት፤ ስሙን ሲሰሙ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ዳኛው ቤታቸው መጥቶ በልቶ ያውቃል።

«በምን ምክንያት ነው አለ?»

እስከዳር የምትለውን መንገድ ላይ ደጋግማ አዘጋጅታ ነበር። ሁሉም ቃል አሁን አፏ ላይ ቀለለባት። «ቅርንጫፉ በወሩ ሽያጭ አንደኛ እንዲወጣ ብሎ ነው።»

ወለላ ፊታቸውን ቀና አደረጉ።

«እና፣ ወጣ?»

እስከዳር ውጤቱን ታውቀዋለች። ሐጂ ሳትጠይቃቸው በእንባ እየታጠቡ ነግረዋታል።

«አልወጣም» አለች። «ከነፍሪጆቹም ሦስተኛ ነው።»

ወለላ በሩን ይበልጥ ከፈቱት። እስከዳር ወደ ጣቢያው ልትመለስ ቸኩላ ነበር፤ ያልተጻፈ ሪፖርት ይጠብቃታል። ባርኔጣዋን አወለቀችና ገብታ ከጎናቸው ተቀመጠች።